ቆመው የሚነዱት የሳር መብሻ ማሽን (ኤሬተር)፦ ጎንደር ላይ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ

ሰላም ናችሁ። እኔ ጎንደር ውስጥ የሆቴል ግቢ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የሰርግ አዳራሽ ሳር ምናምን ላይ ነው ምሰራው፣ ላለፉት ጥቂት አመታት ደሞ ብዙውን ሰዓት ማሳልፈው ኤሬተር ላይ ቆሜ ነው። ማሽኑን ያየ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ አንድ አይነት ጥያቄ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ፅፌው ልረፍ ብዬ ነው። ቅደም ተከተል አትፈልጉበት፣ እንደመጣልኝ ነው ያስቀመጥኩት።

ይሄ ነገር የሳር ማጨጃ ነው እንዴ?

አይደለም። ሳሩን አያጭድም፣ መሬቱን ነው ሚበሳው። ከስሩ በዘንግ ላይ የተደረደሩ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የብረት ጥርሶች አሉት፣ ማሽኑ ወደፊት ሲሄድ ጥርሶቹ መሬት ውስጥ ገብተው የጠርሙስ ቡሽ የሚመስል አፈር ይዘው ይወጣሉ። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፣ መሬቱ ለስላሳ ከሆነና ማሽኑ ጉልበት ካለው ከዛም ያልፋል። በቀዳዳው አየርና ውሃ ይገባል፣ ስሩ ይተነፍሳል፣ በእግር ብዛት እንደ አስፋልት የደነደነው መሬት ይፈታል። ነጂው ከኋላ ባለች መቆሚያ ላይ ቆሞ ነው ሚነዳው፣ ለዛ ነው ከሩቅ ሲያዩት የሰረገላ ነጂ የሚመስለው። ክብደቱ እንደ ሞዴሉ ቢለያይም ብዙዎቹ ከነነጂው ግማሽ ቶን አካባቢ ናቸው፣ ይሄን ቁጥር ያዙት፣ ከዚህ በታች ምለው ነገር ሁሉ ከሱ ነው ሚመጣው።

ለኔ ግቢ ያስፈልገኛል?

ግቢህ 100 ካሬ ምናምን ከሆነ አያስፈልግህም፣ ገንዘብህን አታባክን። ባለ አራት ጣት መቆፈሪያ ይዘህ በየ10 ሳንቲው እየወጋህ ትንሽ ነቅነቅ ብታደርገው በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ማሽኑ ሚያዋጣው ኳስ ሜዳ፣ ትልቅ ሆቴል፣ ካምፓስ ላይ ነው። ሂሳቡን ላሳይህ፦ 75 ሳንቲ ስፋት ያለው ማሽን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በወረቀት በሰዓት 4,500 ካሬ ይበሳል፣ ግን መዞሪያው፣ መደራረቡና ማረፊያው ሲቀነስ 3,000 ብትል ነው። 105 በ68 የሆነ ኳስ ሜዳ 7,140 ካሬ ነው፣ ሁለት ዙር ካልክ ጠዋት ጀምረህ ከሰዓት ነው ምትጨርሰው። «በአንድ ሰዓት እጨርስልሃለሁ» የሚልህ ሰው ወይ አንድ ዙር ነው ሚሄደው ወይ እየሮጠ ነው፣ እየሮጠ ከሆነ ደሞ ቀዳዳው አይጠልቅም።

መቼ ነው መብሳት ያለብኝ? ጥር ላይ ለጥምቀት ብናደርገውስ?

ጥር ላይ አይሆንም፣ በየአመቱ ግን አንድ ሰው ይጠይቀኛል። ጥምቀት ላይ ከተማው በሰው ይሞላል፣ ሳሩ ይረገጣል፣ ሰውም ከበአሉ በኋላ ሜዳው ሲገረጣ አይቶ «ቶሎ ብሳልኝ» ይላል። ግን በጋ ነው፣ መሬቱ ደርቋል፣ ጥርሱ ሁለት ሳንቲ ገብቶ ይዘላል፣ ማሽኑ ይነጥራል፣ ሳሩ ደሞ በዛ ወቅት ለማገገም ጉልበት የለውም። ሰርዶም ሆነ ኪኩዩ የሚባሉት የሳር አይነቶች በደንብ ሚያድጉት ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኙ ስለሆነ መበሳት ያለባቸውም ያኔ ነው።

የኛ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ውስጥ ነው ሚወርደው። ስለዚህ እኔ ሁለት ጊዜ ነው ምመርጠው፦ አንዱ ዝናቡ ሲጀምር ሰኔ መጀመሪያ ላይ መሬቱ ሁለት ሶስት ጊዜ ከጠገበ በኋላ፣ ሌላው ዝናቡ ሲያባራ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ። ሐምሌና ነሐሴን እዘላቸዋለሁ፣ በተለይ ጥቁር መረሬ አፈር ያለበት ቦታ፣ ምክንያቱም ጭቃው ጥርሱ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ የቀዳዳው ግድግዳ እንደ ተለሰነ ጭቃ ይለመጣል፣ ውሃ ሊያስገባ የተበሳው ቀዳዳ ውሃ ሚያቁር ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። የማሽኑም ጎማ ቦይ ይሰራል።

መሬቱ መድረሱን እንዴት አውቃለሁ ካልክ ካቻቢቴ ይዘህ ሂድ። በእጅህ ገፋ አድርገህ 8 ሳንቲ ከገባልህና ስታወጣው ጭቃ ካልተለጠፈበት ደርሷል። አልገባ ካለ አጠጣው፣ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ከአንድ ወይ ከሁለት ቀን በፊት ቢያገኝ ጥሩ ነው። መለኪያ የለኝም አትበል፣ የድልህ ጣሳ ሳሩ ላይ አስቀምጠህ ውሃውን ልቀቅ፣ ጣሳው ውስጥ ሁለት ሳንቲ ተኩል ሲቆም በቃ። ውሃ በሳምንት አንዴ ሚመጣበት ሰፈር ላለ ሰው ይሄ ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ለሱ ሰኔን ጠብቅ ነው ምለው።

ማሽኑን ከማስነሳቴ በፊት ምን ልይ?

መሬቱን። ማሽኑን ሁሉም ያያል፣ መሬቱን ማንም አያይም፣ ከዚህ በፊት የገጠመኝ ችግር ሁሉ ግን ከመሬቱ ስር ነው የወጣው። እኔ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ግቢውን በእግሬ ሁለት ጊዜ እዞራለሁ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በወርድ። ድንጋይ፣ ቆርኪ፣ የፌሮ ቁራጭ፣ ሽቦ፣ ምስማር፣ የተሰበረ ጠርሙስ ሁሉ ይለቀማል። የሰርግ አዳራሽ ግቢ ከሆነ የድንኳን ካስማ ፈልጉ፣ ነቅለው ሄደናል ይሏችኋል፣ ሁሌም አንዱ ይቀራል።

ከዛ የተቀበረው ነገር ነው። የውሃ መርጫ አፎች፣ የቫልቭ ሳጥን፣ የውሃ ቱቦ፣ የመብራት ገመድ፣ የፍሳሽ ክዳን፣ ሁሉም ላይ እንጨት ተክላችሁ ቀይ ጨርቅ ወይ ፌስታል እሰሩበት፣ ከሱም አንድ እርምጃ ያህል ራቁ። በስርአት የተቀበረ ቱቦ ጥርሱ አይደርስበትም፣ ችግሩ በስርአት የቀበረው ስንቱ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ኃላፊው በሙሉ ልብ «ከስር ምንም የለም» ብሎኝ ጀመርኩ፣ አስር ደቂቃ ሳልሄድ የአትክልት መብራት ገመድ በጥርሱ ጎትቼ አወጣሁ፣ ብሬከሩ ዘለለና የግቢው መብራት ጠፋ። ገመዱ የተቀበረው አራት ጣት ያህል ነበር፣ ያለ ምንም መከላከያ። ብሬከሩ ባይዘል ኖሮ ይሄን ሚፅፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ ግቢውን የሰራውን ኤሌክትሪሻን ወይ የቆየውን አትክልተኛ ካላናገርኩ አልጀምርም፣ የጥበቃ ሽማግሌዎችን ደሞ አትርሱ፣ ማን የት እንደቆፈረ ከማንም በላይ ሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ አባባ ብላችሁ ሻይ ጋብዟቸው።

ገመድ ከነካችሁ፦ ጥርሱን አንስታችሁ መላቀቅ ከቻላችሁ ተላቀቁ፣ ካልሆነ ሰው ብሬከሩን እስኪያጠፋ ድረስ ማሽኑ ላይ ቆዩ። እሳት ተነስቶ የግድ መውረድ ካለባችሁ ሁለቱንም እግር ገጥማችሁ ዝለሉ፣ ማሽኑንም መሬቱንም በአንድ ጊዜ እንዳትነኩ። ሌላውም ሰው እናድነው ብሎ ሮጦ እንዳይነካችሁ ጩሁ።

የትልቅ ዛፍ ስር ያለበትንም ዝለሉት። ወርካ ስሩ ምን እንደሚያደርግ ማየት ሚፈልግ ሰው ፋሲል መዋኛ ሄዶ ግንቡን ያቀፈውን ስር ይመልከት፣ ጥርስ ቢሰነቀርበት ማን እንደሚያሸንፍ ግልፅ ነው።

ፋሲል ግቢ ወይ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ መስራት ይቻላል?

ፋሲል ግቢ ውስጥ ከቅርስ ጥበቃ ፈቃድ ሳይኖር ማንም «እሺ ስራ» ቢላችሁ እንዳትነኩት። ከ1636 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነገስታት የኖሩበት፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው መሬት ነው፣ ሳሩ ስር የድሮ ግንብ መሰረትም ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል፣ እናንተ ደሞ በየጥቂት ሳንቲው ነው ምትወጉት። ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ደሞ መቃብር አለ፣ ሁሉም ሀውልት የለውም። አርባ አራቱ ታቦት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው፣ አስተዳዳሪውን ሳትጠይቁ ማሽን ይዛችሁ አትግቡ፣ ከሰው ጋር ብቻ አይደለም ምትጣሉት።

ምን ለብሼ ልንዳ?

ጫማ ጠንካራ፣ ሶሉ የማይንሸራተት፣ ቢቻል አፍንጫው ብረት ያለው። ሸበጥ አይሆንም፣ ክፍት ሰንደልም አይሆንም። ጠዋት ጠዋት ይበርዳል ብሎ ጋቢ ወይ ነጠላ ጣል አድርጎ መንዳት የለም፣ የተንጠለጠለ ጨርቅ ካቴና ላይ ወይ ጥርስ ላይ ከተጠመጠመ ሰውየውንም ይዞት ይገባል። ሻርፕም፣ የሹራብ ገመድም እንደዛው። የጆሮ መከላከያ አድርጉ፣ ድምፁ ቀኑን ሙሉ ሲሆን ጆሮ ያበላሻል፣ ማታ ቤት ገብታችሁ ጆሯችሁ «ሲ» ካለ አርፍዳችኋል። መነፅር ለአቧራና ለጠጠር።

አነዳዱ ከባድ ነው?

ለመልመድ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ግን ማኑዋሉን አንብቡ፣ የሁሉም ማሽን መሪና ማንሻ አንድ አይነት አይደለም። ሁሉም ላይ ሚሰሩትን ልንገራችሁ።

ሲነሳ ጥርሱ ወደ ላይ ይሁን። ቀስ ብላችሁ ወደፊት መሄድ ስትጀምሩ ነው ጥርሱን ምታወርዱት፣ ቆማችሁ አውርዳችሁ ከዛ አትጎትቱት፣ ሳሩን ይገነጥላል። መዞሪያ ላይ ስትደርሱ አንሱ፣ ዙሩ፣ መልሱ። ጥርሱ መሬት ውስጥ እያለ ድንገት መጠምዘዝ ጥርስ ያጣምማል፣ ሳሩን እንደ ምንጣፍ ይገለብጣል። ወደ ኋላ ስትሄዱ ሁሌም ጥርስ ወደ ላይ፣ ከዛ በፊት ደሞ ዞር ብላችሁ እዩ፣ ምክንያቱም ልጆች ከኋላ ነው ሚከተሉት። ኮብልስቶን፣ ኮንክሪት፣ የእግረኛ ጠርዝ ስታቋርጡም እንደዛው።

አንድ እግር መቆሚያው ላይ አንድ እግር መሬት እየጎተቱ መንዳት አይቻልም። እንደ ሳይክል ሚመስላቸው አሉ። ግማሽ ቶን እግራችሁ ላይ ወጥቶ ይቅርታ አይጠይቅም። ሰው አብሮ ማሳፈርም የለም፣ የአሰሪው ልጅ ቢያለቅስም። ኧረ አንዳንዱ አባት ራሱ «አንድ ዙር ብቻ አዙርልኝ» ይላል፣ ያኔ ቁልፉን ነቅዬ ሻይ ልጠጣ እሄዳለሁ።

ሰውን፣ ውሻን፣ በግን አርቃችሁ ነው ምትሰሩት። ሰው ቀረብ ካለ ማቆም ነው፣ በእጅ ምልክት እያሳዩ መቀጠል አይደለም።

ጎንደር ዳገት ነው፣ ዳገት ላይ ይሰራል?

ብዙ ማኑዋል ከ15 ዲግሪ በላይ አትውጡ ይላል፣ የናንተው ማሽን ከዚህ ያነሰ ካለ የሱን ያዙ። 15 ዲግሪ ማለት በአንድ ሜትር 27 ሳንቲ ገደማ ከፍታ ነው። መለካቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሜትር ጣውላ አንዱን ጫፍ መሬት አስነክታችሁ በውሃ ልክ አስተካክሉት፣ በሌላው ጫፍ ከጣውላው እስከ መሬት ያለውን ለኩ፣ ከ27 ሳንቲ ከበለጠ ማሽኑን አታውጡት። ግንበኛ ጓደኛ ካላችሁ በሁለት ደቂቃ ያሳያችኋል። ወደ ጎሃ ኮረብታ በሚወጣው በኩል ያሉ ግቢዎች ውስጥ በአይን ትንሽ የሚመስል ተዳፋት ስለካው ብዙ ጊዜ ደንግጫለሁ።

እርጥብ ሳር፣ የጠዋት ጤዛ፣ የላላ አፈር ሲጨመርበት 10 ዲግሪም ይንሸራተታል። ተዳፋት ላይ ቀስ በሉ፣ ድንገት አትቁሙ፣ ድንገት አትጠምዝዙ፣ አቁማችሁ አትውረዱ። ከገደል፣ ከቦይ፣ ከካብ ጫፍ ራቁ፣ በተለይ የድንጋይ ካብ ከላይ ጠንካራ መስሎ በክብደት ይናዳል። ማሽኑ መገልበጥ ከጀመረ ልያዘው ብላችሁ አትታገሉ፣ ቆሞ የመንዳት ጥቅሙ ቶሎ መውረድ መቻሉ ነው፣ ወደ ኋላና ወደ ዳገቱ በኩል ዝለሉና ራቁ። ብረት ይገዛል።

እጀታው ላይ ያለችው መያዣ እጄን አደከመችኝ፣ ባስራትስ?

እንዳታስራት። ያቺ መያዣ ወይ መቆሚያው ላይ ያለችው ማብሪያ ከለቀቃችሁ ማሽኑን ምታቆመው እሷ ናት። አንድ ግቢ ውስጥ በከመነዳሪ ቁራጭ ጠርንፎ አስሯት ሲነዳ ያየሁት ልጅ ነበር፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ስልኩ ጠራና ወረደ፣ ማሽኑ ለብቻው ሄዶ አጥር ውስጥ ነው የቆመው። ልጁ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም፣ ከአጥሩ ማዶ የተሰጣ በርበሬና አጠገቡ የተቀመጡ እናት ነበሩ። ማብሪያው ከተበላሸ ቀኑን ስራ አይሰራም፣ ይጠገናል።

በየቀኑ ሞክሩት፦ ሜዳ ቦታ ላይ ጥርሱን አንስታችሁ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ መያዣዋን ልቀቁ፣ ካልቆመ ማሽኑ ታማሚ ነው።

ጥርሱ ላይ ድንጋይ ወይ ሽቦ ቢሰካስ?

እጅ ሚቆረጠው እዚህ ጋ ነው። ሰው «አንድ ሰከንድ ነው» ብሎ ሞተሩ እየሰራ እጁን ይሰዳል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነው፦ ሜዳ ቦታ ላይ ቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ሞተር አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀልና ኪስህ ክተት፣ ሁሉም ነገር መሽከርከር እስኪያቆም ጠብቅ፣ ከዛ የካንዴላውን ገመድ ንቀል፣ ሁለት ሲሊንደር ከሆነ ሁለቱንም። ጥርሱ ወደ ላይ ከሆነ የመቆለፊያ ፒኑን አስገባ ወይ ጠንካራ እንጨት ደግፍበት፣ ሃይድሮሊክ ብቻውን ይዞታል ብለህ ስሩ አትግባ። ከዛ በፒንሳ፣ በጓንት። በእጅ ጣት አይደለም።

ጥርስ ከቧጠጠህ ወይ ከወጋህ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠበውና ጤና ጣቢያ ሂድ፣ አፈር የነካው ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል፣ ክትባቱን መቼ እንደወሰድክ ይጠይቁሃል።

ሃይድሮሊኩ ዘይት ያንጠባጥባል፣ የት ጋ እንደሆነ በእጄ ዳብሼ ልፈልገው?

አትዳብስ!! ግፊት ያለው ዘይት በመርፌ ቀዳዳ ምታክል ስንጥቅ ሲወጣ በአይን አይታይም፣ ቆዳ ግን ይበሳል። ካርቶን ወይ እንጨት ይዘህ ቱቦው አጠገብ አሳልፈው፣ ዘይቱ ካርቶኑ ላይ ይታይሃል። ቆዳህ ውስጥ ከገባብህ ቁስሉ የመርፌ ያህል ስለሆነና መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያም ሰው ይተወዋል፣ በሰዓታት ውስጥ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ግን ጣት ወይ እጅ ሊያሳጣ ይችላል። ጤና ጣቢያ አትቆይ፣ ቀጥታ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ሂድና «የማሽን ዘይት በግፊት ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል» በል፣ ተወግቼ ነው ብቻ ካልክ ፕላስተር ለጥፈው ሊመልሱህ ይችላሉ።

ቱቦ ከመፍታትህ በፊት ደሞ ጥርሱን መሬት አውርደህ፣ ሞተር አጥፍተህ፣ ማንሻውን ወዲህ ወዲያ አድርገህ ግፊቱን አስወጣ።

ቤንዚን ከየት ልቅዳ? የሃይላንዱ ይሆናል?

ማደያ ሰልፉን አውቀዋለሁ። ግን በሃይላንድ ላስቲክ መንገድ ዳር ሚሸጠው ውሃ ወይ ላምባ ሲቀላቀልበት ካርቡራቶሩ ላይ ነው ሚወጣው። የግድ ከሆነ ጥርት ባለ ጠርሙስ ቀድታችሁ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፣ ውሃ ካለው ከስር ተለይቶ ይቀመጣል፣ ላምባውን ግን እንዲህ አታዩትም። ከወር በላይ የቆየ ቤንዚንም ሞተር ላያስነሳ ወይ እያስነጠሰ ሊሄድ ይችላል።

ስትቀዱ ሞተር ጠፍቶ በርዶ ይሁን፣ ሲጋራ የለም፣ ስልክ እያወሩም አይደለም፣ ስልኩ ስለሚፈነዳ ሳይሆን ሀሳባችሁ ስለሚሄድና ስለሚፈስ ነው። ጀሪካኑን መኪና ላይ እንዳለ አትሙሉት፣ መሬት አውርዱት። ታንከሩን እስከ አፉ አትሙሉ፣ ሲሞቅ ያብጣል። ከፈሰሰ ማሽኑን ከቦታው ገፍታችሁ አርቃችሁ ነው ምታስነሱት። በበጋ ማርሚታው ላይ የተጠራቀመ ደረቅ ሳር እሳት እንደሚያነሳም አትርሱ፣ በየሁለት ሰዓቱ አፅዱት። ጋራዥ ውስጥ በር ዘግቶ ሞተር ማስነሳት ደሞ የከሰል ጭስ እንደሚገድለው ነው ሚገድለው፣ ሽታ እንኳን የለውም ገዳዩ ነገር።

ማሽኑ አዲስ ነው ግን አቅም የለውም፣ ሸውደውኝ ነው?

ላይሆን ይችላል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ እዚህ አንድ አምስተኛ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው። 20 የፈረስ ጉልበት ብለው የሸጡላችሁ እዚህ 16 ምናምን ነው። ካርቡራቶር ያለው ከሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስና ጥቁር ካንዴላ ካያችሁ ምልክቱ ያ ነው፣ ለከፍታ የሚሆን ጄት (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑን ምታሳልፈው ትንሽ ቀዳዳ) ይቀየርለታል። ዝቅ ወዳለ ሀገር፣ ለምሳሌ መተማ ወስዳችሁ ምትሰሩ ከሆነ ግን የድሮውን መልሱ፣ አለበለዚያ ሞተሩ ይግላል። ከዚህ በፊት ግን የአየር ፊልትሮውን እዩት፣ ከአስሩ «አቅም አጣ» ብሎ ከሚመጣው ብዙው አቧራ የታፈነ ፊልትሮ ነው።

ሰርቪሱ በስንት ሰዓት ነው?

የማሽኑ ማኑዋል ይቅደም፣ እኔ ምከተለው እንዲህ ነው።

በየቀኑ የሞተር ዘይት ሜዳ ቦታ ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ አያለሁ፣ የጎማ ንፋስ (አንዱ ጎማ ካነሰ ማሽኑ ወደ አንድ ጎን ይስባል ቀዳዳውም እኩል አይጠልቅም)፣ የጥርስ ቡሎኖች፣ ካቴና፣ ቱቦዎች። ጥርስ የያዙ ቡሎኖች በንቅናቄ ይላላሉ፣ አንድ ቡሎን ከጎደለ ጥርሱ ፊት ለፊት ነው ሚወረወረው። አዲስ ሞተር የመጀመሪያውን ዘይት ከ5 እስከ 10 ሰዓት ባለው ውስጥ ቀይሩለት፣ ከዛ በኋላ በ100 ሰዓት፣ በአቧራ ከሰራ ግን እኔ በ50 ነው ምቀይረው፣ ዘይት ከሞተር ይረክሳል። የአየር ፊልትሮ ስፖንጁን በ25 ሰዓት አጥቦ ማድረቅ፣ ወረቀቱን አራግፎ ማየት፣ ቤንዚን ወይ ኮምፕሬሰር ወረቀቱ ላይ አይለቀቅም፣ ይቀደዳል። ካንዴላ በ100 ሰዓት ይታያል። ግራሶ መግቢያዎቹን ሁሉ ቁጠሩና ቁጥሩን ማሽኑ ላይ በማርከር ፃፉት፣ ሁሌም አንዷ ምትረሳ አለች፣ እሷ ያለችበት ኩሽኔታ ነው መጀመሪያ ሚያልቀው።

ካቴና ሲላላ ይዘላል፣ ሲጠብቅ ኩሽኔታ ይበላል፣ በመሀል ላይ በጣት ሲጫኑት ትንሽ እጥፍ ማለት አለበት፣ ያው ሞተር ጠፍቶ ቁልፍ ኪስ ውስጥ ሆኖ። ባትሪ ስትፈቱ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ስትገጥሙ መጨረሻ።

አጠባ ላይ፦ የላቫጆ ግፊት ውሃ ኩሽኔታ ላይና ትኩስ ሞተር ላይ አትልቀቁ። ጭቃውን እንጨት ይፋቀው፣ የቀረውን ተራ ውሃ።

ጥርሱን ቶርኖ ቤት ማሰራት ይቻላል? ከውጭ ማስመጣት ውድ ነው

ቅርፁን ይሰሩታል፣ ጎበዝ ቶርኖ ሰራተኞች አሉን። ችግሩ ብረቱ ነው። የውሃ ቧንቧ ቆርጠው ሹል አድርገው ያመጡልኝ ነበር፣ ግማሽ ቀን ሳይሰራ ተቆለመመ። ጠንካራ ብረት አግኝተው ጫፉን በእሳትና በዘይት ካጠነከሩት ይሻላል፣ ግን ከልክ ካለፈ ደሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ክብደቱም ርዝመቱም ከኦሪጅናሉ እኩል መሆን አለበት፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ ማሽኑ እያነከሰ ነው ሚሄደው። አንድ አዲስ ጥርስ ለማወዳደሪያ ሳትጠቀሙበት አስቀምጡ። ግፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ አፈሩም ደርሶ ቀዳዳው ከበፊቱ ካጠረ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው፣ ያንን ረድፍ አንድ ላይ ቀይሩት። የተሰነጠቀ ጥርስ በብየዳ መጠገን ግን አልመክርም፣ ሞክሬው ነው።

አይሱዙ ላይ እንዴት ይጫናል?

በሁለት ጣውላ አይጫንም፣ ይሄ ላይ አንከራከርም። ረጅም፣ ሰፊ፣ ከመኪናው ጋር በሰንሰለት የታሰረ የብረት መውጫ ያስፈልጋል፣ ተዳፋቱም ከ15 ዲግሪ አይለፍ፣ መኪናው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቢቆም ወይ አፈር ቁልል ጋ ቢጠጋ መውጫው ይቀንሳል። ከበድ የሚለው ጎን ወደ ዳገቱ በኩል ይሁን፣ ፊት ለፊት ይሁን በኋላ ሚለውን የማሽኑ ማኑዋል ይነግራችኋል። ከስር ቆሞ ሚገፋ ሰው አይኑር፣ የሰፈር ጎረምሶች እናግዝ ብለው ሲመጡ ብሩን ስጧቸውና ከጎን አቁሟቸው። ከወጣ በኋላ ጥርሱ ይወርዳል፣ ፍሬን ይያዛል፣ ቤንዚኑ ይዘጋል፣ በአራት በኩል ይታሰራል።

መሬቱ ላይ የቀሩት የአፈር ቡሾች አስቀያሚ ናቸው፣ ይጠረጉ?

ተዋቸው። አንድ እትዬ ጠዋት ወጥተው ግቢያቸውን አይተው «ልጄ፣ ሳሬን ገደልከው፣ ፍየል የዋለበት አስመሰልከው» ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ። ሁለት ሳምንት ታገሱኝ አልኳቸው፣ ዝናብ ሲነካው ፈርሶ ተመልሶ አፈር ሆነ። ኳስ ሜዳ ከሆነ ደረቅ ሲል የእሾህ ቅርንጫፍ አስሮ መጎተት ይበቃል፣ ልጆቹ ግን ትንሽ ቀናት ባይጫወቱበት ጥሩ ነው። ብስባሽ ወይ አሸዋ መነስነስ ካሰባችሁ ሰዓቱ አሁን ነው፣ ቀዳዳው ክፍት እያለ።

ስራ በሌለበት ወራት እንዴት ላስቀምጠው?

ቤንዚኑን አውጡት ወይ ሞተሩ ራሱ ጨርሶ እስኪጠፋ ልቀቁት፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ እንዳይደርቅ። ጥርሱን አፅድታችሁ የተቃጠለ ዘይት ሳይሆን ግራሶ ቀቡት፣ የተቃጠለ ዘይት በኋላ ሳሩ ላይ ነው ሚወርደው። ባትሪውን ፈትታችሁ በወር አንዴ ቻርጅ አድርጉ። ጥርሱን ጣውላ ላይ አሳርፉት። ሸራ ሸፍኑት፣ ግን ከማስነሳታችሁ በፊት የሞተሩን ክዳን ከፍታችሁ እዩ፣ አይጥ ጎጆ ትሰራበታለች፣ ባለፈው እኔ ስከፍተው ከነልጆቿ ተኝታ የካንዴላውን ገመድ ግማሹን በልታዋለች። ቁልፉን ደሞ ማሽኑ ላይ አትተዉት፣ ቤት ውስጥ ልጅ ማይደርስበት ሚስማር ላይ ስቀሉት።